በሰፈሩት ቁና ሲሰፈሩ፦ ፊልም ለሚሠራ ሐያሲ የተጻፈ መመሪያ

ለዘጠኝ ዓመታት በኢንተርኔት የሰዎችን ፊልም ስሄስ ኖሬ በአሥረኛው ዓመት የራሴን የ84 ደቂቃ ፊልም ሠራሁ። ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ቀን አንድ ተመልካች ከአምስት ዓመት በፊት ስለ ሌላ ሰው ሥራ የተናገርሁትን ቆርጦ ከእኔው ትዕይንት ጋር አያይዞ ለጠፈው። ድምፄ «የድምፅን ጉድለት በሙዚቃ የሚሸፍን አዘጋጅ ተመልካቹን ይንቃል» ይላል። ቀጥሎ የእኔ ፊልም ይመጣል፤ እናት ጠረጴዛ ዳር ተቀምጣ የልጇን ደብዳቤ ታነባለች፣ ቃሏ ግን በፒያኖ ተውጦ አይሰማም። ሰውየው ልክ ነበር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ የእኛ ቁና ደግሞ በቪዲዮ ተቀርጾ፣ ቀኑ ተጽፎበት ይጠብቀናል።

ስለዚህ ለትችቱ መዘጋጀት ያለባችሁ ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት ነው። የቆዩ ሂሶቻችሁን አውጡና በጣም የከረሩትን ዓረፍተ ነገሮች በደብተር ገልብጡ። በእያንዳንዱ አጠገብ «ይህ ጉድለት ከምን እንደመጣ አውቅ ነበር?» ብላችሁ ጻፉ። ሐያሲ ያየውን ያውቃል፤ ያየው ነገር እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። እኔ ይህን ያደረግሁት ከረፈደ በኋላ ነው።

የደብዳቤውን ትዕይንት የቀረጽነው የምግብ ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ውስጥ ነበር። የመስኮቱ ብርሃን እየደከመ ነው። የድምፅ ባለሙያው እጁን አንሥቶ የማቀዝቀዣው ሞተር እንደተነሣ ነገረኝ፤ «ግድ የለም፣ እንቀጥል» አልሁ። ለአርትዖት ስንቀመጥ እናትየዋ ስታነብ ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ወደ ደብዳቤው ስንሻገር ዝም ይላል፤ ወደ ፊቷ ስንመለስ እንደገና ይነሣል። የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለብቻው ስላልቀዳን ክፍተቱን የምንሞላበት ነገር አልነበረንም። ፒያኖው የመጣው ያኔ ነው። እናንተ በምትቀርጹበት ቦታ ሁሉ ሰው በሙሉ ጸጥ ብሎ ቢያንስ 30 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ቅዱ። ማቀዝቀዣውን አጥፉና የመኪና ቁልፋችሁን እዚያው ውስጥ አስቀምጡ፤ ያለ ቁልፍ መሄድ ስለማትችሉ መልሳችሁ ማብራቱን አትረሱም፣ የባለቤቱም ምግብ አይበላሽም። የድምፅ ባለሙያ እጁን ሲያነሣ ደግሞ ቁሙ፤ ብርሃኑ ቢያልቅም ቁሙ።

ከተቻላችሁ አጭር ፊልም ይቅደም። ኋላ አዘጋጅ የሆነው ፈረንሳዊው ሐያሲ ፍራንስዋ ትሩፎ በጽሑፉ ክርረት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1958 የካን ፊልም ፌስቲቫል የመግቢያ ፈቃድ ተነፍጎት፣ በ1959 እዚያው በምርጥ አዘጋጅነት መሸለሙን ሐያሲ ሁሉ ያወራል። ከዚያ በፊት በ1957 አጭር ፊልም መሥራቱን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ለእኔ የሚጠቅመኝ ይህኛው ነው፤ ስሕተቱ በ15 ደቂቃ ሥራ ላይ ቢደርስ ይሻላል።

ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ለማያውቋችሁ ሰዎች አሳዩት። ተከታዮቻችሁን አትጥሩ፤ እነርሱ ድምፃችሁን ስለለመዱት ሐሳባችሁን ከራሳቸው ይሞሉላችኋል። «ወደዳችሁት?» ብላችሁም አትጠይቁ። የት ቦታ እንደሰለቻቸው፣ የትኛውን ገጸ ባሕርይ ከየትኛው እንዳደናገሩ ጠይቁ። ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከተሰላቹ ችግሩ እውነተኛ ነው። የሚሰጧችሁ መፍትሔ ግን ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ መንሥኤው ከዚያ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ የተተከለ ነው።

ገንዘቡ ከተከታዮች የመጣ ከሆነ ኃላፊነቱ ይከብዳል። አሜሪካዊው የዩቲዩብ ሐያሲ ክሪስ ስታክማን እ.ኤ.አ. በ2022 ለመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ከሕዝብ መዋጮ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ በኪክስታርተር ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያዋጣ ሰው ፊልሙን ባይወደው ቅሬታውን የመናገር መብት አለው፤ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ሳይጠይቅ ንገሩት።

ትችቱ ሲመጣ ለሦስት ቀን ምንም አትመልሱ። አንብቡ፣ በደብተሩም በሦስት ክፍል ጻፉት፦ ስለ ፊልሙ የተባለ፣ ስለ እናንተ ማንነት የተባለ፣ ከቀድሞ ቃላችሁ ጋር የተነጻጸረ። ሁለተኛውን ተዉት። ስለ ፊልሙ የተባለው ለሚቀጥለው ሥራ ይቀመጥ፤ ጣዕምን በክርክር የሚያሸንፍ የለም። ሦስተኛው ግን መልስ ይገባዋል። እኔ ለዚያ ተመልካች «ትክክል ነህ፤ የተናገርሁት በእኔም ላይ ይሠራል» ብዬ ጻፍሁለት። ያን የቆየ ቪዲዮም አላጠፋሁትም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባል የለ፤ ሂሳችሁን ብትሰርዙ ዘጠኝ ዓመት ያመናችሁን ሰው ታታልላላችሁ።

አንድ ቃል ግን ከአፋችሁ አይውጣ፤ «እስቲ አንተ ሠርተህ አሳየን» የሚለው። ብዙ አዘጋጆች ለእኔ ብለውኛል፣ ሁልጊዜም ያስቆጣኝ ነበር፤ ዛሬም ያስቆጣኛል። ተመልካች የመፍረድ መብቱን የሚያገኘው ጊዜውን ሰጥቶ በማየቱ ነው። ፊልም መሥራት አድካሚ መሆኑን አሁን በሥጋዬ አውቀዋለሁ፤ ድካሙ ግን በመጋረጃው ላይ አይታይም፣ መታየትም የለበትም። ይህን ቃል የተናገረ ሐያሲ ፊልም ሳይሠራ የሄሰባቸውን ዓመታት ሁሉ በገዛ አፉ ይሽራል።

ወደ ሂስ መመለስ ይቻላል። አሜሪካዊው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት እ.ኤ.አ. በ1970 ለእይታ የበቃ ፊልም ጽፎ፣ በ1975 ደግሞ በፊልም ሂሱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ስትመለሱ አብሯችሁ የሠራ ሰው ያለበትን ፊልም አትዳኙ፤ ከዳኛችሁም ግንኙነቱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ስለ ሌሎች ግን አትለስልሱ። እኔ የለወጥሁት አንድ ነገር ነው፦ ጉድለቱን እንዳየሁት እናገራለሁ፣ «ተመልካቹን ይንቃል» ብዬ ግን የሰው ልብ ውስጥ አልገባም። ያን ዓረፍተ ነገር ለተናገርሁበት አዘጋጅም ደብዳቤ ጽፌ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ንቀቱ።

ከሁለት ወር በኋላ ተዋናይቷን ጠርተን ንባቧን በግማሽ ቀን እንደገና ቀዳን፣ ፒያኖውንም አወጣን። የታረመውን ትዕይንት መጀመሪያ የላክሁት ቪዲዮውን ለለጠፈው ሰው ነበር። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ «አሁን ወረቀቱ በእጇ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል»።