የልብ ሕመም ያገኛቸው አረጋውያን አገግመው ወደ ዕለት ተግባራቸው እንዲመለሱ እንዴት መርዳት ይቻላል?

አባት ወይም እናት በድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በባይፓስ ቀዶ ሕክምና (ለተዘጋ የልብ ደም ሥር ማለፊያ መንገድ በሚያበጅ ቀዶ ሕክምና) ሆስፒታል ቆይተው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ቤተሰቡ አክብሮቱን የሚገልጸው «አይነሡ፣ እኛ እናመጣለን» እያለ ነው። ንግግሩ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ብዙ በተኛ ቁጥር የእግሩ ጡንቻ እየከሳ ስለሚሄድ፣ ልቡ ሲያገግም ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል። በመሆኑም የአረጋውያን የልብ ማገገሚያ ሕክምና ከእግር ጥንካሬና ሚዛን ከመጠበቅ ቢጀምር ይሻላል፤ ረጅም የእግር ጉዞ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በመጀመሪያ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ የትኛው እንቅስቃሴ እንደተፈቀደና የትኛው እንደተከለከለ ሐኪሙን ጠይቁ። የተደራጀ የልብ ማገገሚያ ክፍል በአቅራቢያችሁ ከሌለ ወደ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) እንዲልካችሁ አሳስቡ። አሜሪካ ለሚኖሩ የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ተጠቃሚዎች፣ ባለፉት 12 ወራት ድንገተኛ የልብ ሕመም ካጋጠማቸው ወይም ባይፓስ ወይም ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ከተደረገላቸው፣ ሐኪም ሲያዝ እስከ 36 ጊዜ የሚሰጠው የማገገሚያ ሕክምና አብዛኛው ወጪ ይሸፈናል።

ቀጥሎ ታማሚውን ራሳቸውን ምን መሥራት እንደናፈቃቸው ጠይቋቸው። ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ ወይም ቡና ራሳቸው ማፍላት ሊሆን ይችላል። ልምምዱ የሚታቀደው ለዚያ ነው።

ከልምምድ በፊት የደም ግፊታቸውን በተኙበት፣ ከዚያም ከቆሙ ከ1 እና ከ3 ደቂቃ በኋላ ለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለመውደቅ የተጋለጡ ስለሆኑ፣ መድኃኒታቸው እንዲታይ ለሐኪሙ ንገሩ።

ከዚያ ልምምዱን በወንበር ጀምሩ። የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፋችሁ፣ ቀስ ብለው እንዲቆሙና ቀስ ብለው እንዲቀመጡ አድርጉ፤ መጀመሪያ አምስት ጊዜ ይበቃል፣ ሲጠነክሩ ይጨመራል። ደረታቸው የተከፈተ ከሆነ አጥንቱ እስኪጋጠም ድረስ በእጃቸው ተጭነው እንዳይነሡና ከባድ ዕቃ እንዳያነሡ ተጠንቀቁ፤ ውሃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እንኳ ለዚያ ጊዜ ከባድ ነው። ሚዛን ለመለማመድ ደግሞ ጠረጴዛ ይዘው አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርገው ለጥቂት ሰከንድ ይቁሙ፤ አንድ ሰው ግን ከአጠገባቸው አይለይ።

የእግር ጉዞውን ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ በ5 ደቂቃ ጀምሩና በየጥቂት ቀኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። እንደ ሜቶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ፣ ድካሙን በልብ ምት ብቻ መመዘን ያሳስታል። «ደከመዎት?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አይረዳም፤ አረጋውያን በልጆቻቸው ፊት ድካማቸውን መግለጥ ስለማይወዱ መልሳቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይልቁንም እየሄዱ አጫውቷቸው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥባቸው መናገር ከቻሉ ልኩ ነው፣ በየቃሉ መቆራረጥ ከጀመሩ ዝግ በሉ።

በምግብ በኩል ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የተጨመረውም ከዚህ ይቆጠራል። ጾም ሲደርስ መድኃኒቱን፣ በተለይም የሚያሸናውን፣ በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የልብ ድካም ካለባቸው ጠዋት ጠዋት ሸንተው ቁርስ ሳይበሉ ክብደታቸውን መዝኑና በደብተር ጻፉ። በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ለሐኪም አሳውቁ። በልምምድ ላይ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲያው አቁሙ፤ በእረፍት የማይለቅ ከሆነ ሌሊት ቢሆን እንኳ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።