የቬትናምን የውሃ ላይ አሻንጉሊት ልታዩ ነው? እኔ የተሳሳትኩት ይበቃል

ሃኖይ ሄዳችሁ የሆአን ኪየምን ሐይቅ አንድ ዙር ከዞራችሁ፣ ዳር ላይ ካለው የታንግ ሎንግ ቲያትር በር ፊት የቱሪስት ግርግር ማየታችሁ አይቀርም። ግርግሩ የውሃ ላይ አሻንጉሊት ለማየት ነው። መድረኩ ጣውላ ሳይሆን ገንዳ ነው። አሻንጉሊቶቹ በውሃው ላይ ይጨፍራሉ፣ ሩዝ ይተክላሉ፣ ይዋጋሉ፣ እሳት ይተፋሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ሰው ግን የለም፣ ማለቴ አይታይም። እኔ ይሄን ትርዒት ሁለት ጊዜ ገብቼ ነበር። የመጀመሪያውን አየሁት ማለት ግን ይከብደኛል። እናንተ እንዳትደግሟቸው ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

"ትኬቱን በር ላይ እገዛለሁ" ማለት

ይሄ አጭር ነው። ትርዒቱ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ሰው ይዘናጋል፤ የማታውን ግን አስጎብኚዎች በቡድን ጠርገው ሊይዙት ይችላሉ። ጠዋት ሐይቁ ጋ ስትወጡ ጎራ ብላችሁ ግዙት። ሰዓት ደግሞ አክብሩ። ጠቅላላ 50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሩብ ሰዓት አረፈዳችሁ ማለት ሲሶው ሊያመልጣችሁ ምንም አልቀረም።

ከኋላ መቀመጥ

እኔ ሒሳብ የሠራሁ መስሎኝ ርካሹን ገዛሁ። አሻንጉሊቶቹ ትልቅ የሚባለው 1 ሜትር ቢደርስ ነው፣ ትንንሾቹ 30 ሳንቲሜትር። ከመጨረሻው ረድፍ ያየሁት የዘንዶውን ጭስና ፊቴ የተቀመጠውን ረጅም ሰውዬ ጭንቅላት ነው። የመጀመሪያው ረድፍም የራሱ ጣጣ አለው፤ ዘንዶዎቹ መንቦጫረቅ ሲጀምሩ ውሃ ይረጫል። ልጆች ይወዱታል። ካሜራ ለያዘ ሰው ግን ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ መሃል መሃሉን ይሻላል።

"የልጆች ጨዋታ ነው" ብሎ መናቅ

አሻንጉሊት ስለተባለ ነው መሰለኝ፣ ብዙ ሰው ልጅ ከሌለኝ ምን ልሠራ ይላል። ይሄ ጨዋታ ከ900 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1121 የቆመ አንድ የድንጋይ ሐውልት ላይ፣ ለንጉሡ ስለቀረበ የውሃ ላይ ትርዒት፣ ውሃ ውስጥ ስለምትዋኝ ወርቃማ ኤሊ ሳይቀር ተጽፏል። የመጣው ከሰሜን ቬትናሙ የቀይ ወንዝ አካባቢ ገበሬዎች ነው። አገሩ ኩሬና ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ነው፤ በበዓል ሰሞን የሰፈሩ ኩሬ መድረክ ይሆናል፣ ሕዝቡ ዳር ዳሩን ይቀመጣል። ከነገሥታቱ ይልቅ ብዙውን ትዕይንት የያዙት ገበሬው፣ ጎሹ፣ ዳክዬውና እንቁራሪቱ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ታሪኩን ሳያውቁ መግባት

የእኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነበር። እንደ ፊልም መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ጠብቄ ገባሁና፣ ዘንዶ ወጣ፣ ገባ፤ ዳክዬ መጣ፣ ሄደ፤ ከዚያ ሴቶች ጨፈሩ፣ እኔ ደግሞ "እና ምን ሆነ?" እያልኩ ቁጭ። ለካ አንድ ወጥ ታሪክ የለም። ከደርዘን በላይ አጫጭር ትዕይንቶች ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይያያዝም። ቋንቋው ቬትናምኛ ነው፤ ግን ሦስት ነገር አውቃችሁ ብትገቡ ይበቃችኋል።

አንደኛ፣ ቹ ቴው። ቦርጫም፣ ሳቂታ፣ ፀጉሩን አናቱ ላይ የቋጠረ ልጅ ነው፤ እሱ ነው መድረክ የሚከፍተው። አገሬው ገና ሲያየው ይስቃል። ሹማምንቱን መተረብ ድሮም ሥራው ነው።

ሁለተኛ፣ ቀበሮዋ። ባልና ሚስት ዳክዬ እየጠበቁ ነው፣ ቀበሮ አድፍጣ ትመጣለች፣ አንዱን ትነጥቅና ዛፍ ላይ ትወጣለች። እሷን ለማስጣል ያለው ትርምስ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው የንጉሥ ሌ ሎይ ነው። ሌ ሎይ የቻይናን የሚንግ ሥርወ መንግሥት ጦር አስወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1428 የነገሠ ሰው ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው የተዋጋበት ሰይፍ ከዘንዶው ንጉሥ የተገኘ ነበር። አገር ሰላም ከሆነ በኋላ በጀልባ ሲንሸራሸር ወርቃማ ኤሊ ብቅ ትልና "ሰይፉን መልስ" ትለዋለች፤ ይመልሳል። ሐይቁ የትኛው መሰላችሁ? በር ላይ ጥላችሁት የገባችሁት ራሱ! ሆአን ኪየም ማለት "የተመለሰ ሰይፍ" ማለት ነው። ይሄን ያወቅኩት ሆቴሌ ገብቼ ስልኬ ላይ ሳነብ ነው። ተናደድኩ።

ሙዚቀኞቹን መርሳት

ከገንዳው ጎን ከበሮ፣ ዋሽንት፣ ጸናጽል የያዙ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ዘፈኑ ቼዎ ከሚባለው የገጠር ዜማዊ ድራማ የመጣ ነው። ሁሉም ሰው ውሃው ላይ ስላፈጠጠ የሚያያቸው የለም። ዳን ባው የምትባለውን መሣሪያ ፈልጓት። እንደ ማሲንቋችን ባለ አንድ ክር ናት፣ ግን በደጋን አትመታም፤ ክሯን በቀኝ እጅ እየነኩ በግራ እጅ ደግሞ ቀጭን ዘንግ ወዲህ ወዲያ ያጥፋሉ፣ ድምፁም እንደሰው ይንሰቀሰቃል። ለአሻንጉሊቶቹ ድምፅ የሚሰጡትም ዘፋኞቹ ናቸው፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከአሻንጉሊቶቹ ጋር ሲነጋገሩ ትሰማላችሁ።

50 ደቂቃ ሙሉ መቅረፅ

ጨለማ ውስጥ የሚብለጨለጭ ውሃ በስልክ ሲቀረፅ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ፍላሽ ደግሞ ነውር ነው፣ ጎረቤትንም ያውካል። የዘንዶውን እሳት ቅረፁና ስልኩን ኪስ ክተቱ።

ምስጢሩን አገኛለሁ ብሎ መፍጨርጨር

ጎኔ የነበረ ሰውዬ ግማሹን ሰዓት "ማግኔት ነው፣ ሞተር ነው" ሲል ቆየ። ሞተር የለም። ሰዎቹ ከቀርከሃ መጋረጃ ኋላ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ በረጅም ዘንግና በገመድ ከሥር ያንቀሳቅሱታል፤ ውሃው ዘንጉንም ገመዱንም ይደብቃል። አሻንጉሊቱ የሚጠረበው ከሾላ ዘመድ ከሆነ ቀላል እንጨት ነው፣ ላዩ ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ደጋግሞ ይቀባል። ዝርዝሩን መንደሮቹ ድሮ ከቤተሰብና ከማኅበር ውጪ ለማንም አይናገሩም ነበር። ይሄን ይዛችሁ ግቡና ትርዒቱን እዩ።

ሃኖይ መሃል ብቻ ነው ያለው ብሎ ማሰብ

ቀን ከተረፋችሁ ከከተማው ወጣ ያለችው ዳኦ ቱክ መንደር አለች፤ እዚያ የሚጫወቱት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ በራሳቸው ኩሬ። አስቀድሞ ማስያዝ ግን ግድ ነው፣ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ ዳክዬ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፤ እውነተኛውን ማለቴ ነው።

መጨረሻው ሲቃረብ ተነስቶ መሮጥ

በመጀመሪያው ቀን እራት ብዬ፣ የመጨረሻው ከበሮ ሳያባራ ወጣሁ። በሁለተኛው ቁጭ አልኩ። የቀርከሃው መጋረጃ ተገለጠ፣ ሰዎቹ ውሃውን እየቀዘፉ ወጡ፣ ልብሳቸው ከወገብ በታች ተጣብቆባቸዋል። ዘንዶዎቹን በጡንቻው ብዛት የሚያንቀሳቅስ አንድ ጎረምሳ ጠብቄ ነበር። ከፊት የቆመችው የእናቴ እኩያ የምትሆን ሴት ነበረች፣ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም።