ዜና ለጆሮ ነው፦ የብሮድካስትና የንግግር ትምህርት ለጀመራችሁ

አያቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በዩኒቨርሲቲው ስቱዲዮ ያነበብሁትን የመጀመሪያ ዜና በስልኬ ይዤ ሄድሁና አሰማኋት። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ሰብስባ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ «ድምፅሽ ያምራል ልጄ፤ ግን ማን ምን ሆነ ነው ያልሽው?» አለችኝ። መምህሬ ለዚያው ንባብ ጥሩ ውጤት ሰጥቶኝ ነበር። ዜና ማንበብ ከጀመርሁ ዛሬ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ለተግባር ልምምድ ወደ ጣቢያችን የሚመጡ ተማሪዎችም በየዓመቱ ያንኑ የእኔን ድምፅ ይዘው ይመጣሉ። ያማረ፣ የማይገባ ድምፅ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ገና ትምህርት ክፍል ያልመረጣችሁ ከሆነ ከእናንተ በፊት የገቡትን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፤ «በአንድ መንፈቅ ዓመት ስንት ጊዜ ማይክሮፎን ፊት ተቀመጣችሁ?» በሏቸው። መልሱ ከሕንፃውም ከስሙም በላይ ይነግራችኋል። ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ አላቸው። እንዲህ ያለ ጣቢያ በቅርባችሁ ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ። ኬብል መጠቅለልም ቢሆን ሥራ ስጡኝ በሉ።

ስለ ትምህርቱ ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሞጁሉም ፈተናውም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኞቻችሁ የምትቀጠሩት ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ልታነቡ ነው። ስለዚህ ስለ ድምፅ አወጣጥ የተጻፈውን ሁሉ በቃሉ የያዘ ተማሪ አንድ ገጽ የአማርኛ ዜና ሳይደናቀፍ ማንበብ ሲያቅተው አያለሁ። ሞጁሉን አጥኑ፣ ፈተናውንም እለፉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን በየዕለቱ 15 ደቂቃ የአማርኛ ጋዜጣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በልብ ማንበብ አይቆጠርም።

ጮክ ብላችሁ ስታነቡ መጀመሪያ የምትጋጩት ከመጥበቅና ከመላላት ጋር ነው። ፊደላችን ይህን አይጽፍልንም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ይሆናል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ቤት ውስጥ ስናወራ ማናችንም አንሳሳትም፤ ሐሳቡ የራሳችን ስለሆነ አንደበታችን ያውቀዋል። ቀዩ መብራት በርቶ ሌላ ሰው የጻፈውን ስናነብ ግን ዓይናችን ከሐሳቡ ቀድሞ ይሮጣል።

እኔ በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት አንድ የፍርድ ቤት ዜና አነበብሁ። ወረቀቱ ተከሳሹ በእስር ላይ ሳለ «ይመታ ነበር» ይላል። ጠብቆ መነበብ ነበረበት፤ የተደበደበው እሱ ነውና። እኔ አላላሁት። በእኔ አንደበት ተደብዳቢው ደብዳቢ ሆነ። በቀጣዩ ሰዓት ዜና አርመን አነበብን፤ ቤተሰቡ ግን የመጀመሪያውን ሰምቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምልክት ያላደረግሁበትን ወረቀት ይዤ ስቱዲዮ አልገባም።

ምልክቱ ቀላል ነው። እርሳስ ይዛችሁ በመጀመሪያው ንባብ ግሦቹን ብቻ ተከተሉ፤ በተለይ «ይመታል»፣ «ይሰማል»፣ «ይበላል» የመሳሰሉትን፣ በአንድ አጻጻፍ አድራጊም ተደራጊም የሚሆኑትን። በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ። በሁለተኛው ንባብ እስትንፋስ የምትወስዱበት ቦታ ላይ አንድ ሰረዝ አቁሙ። በሦስተኛው ስሞቹን አስምሩባቸው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ልጁ ያንኑ መልእክተ ዮሐንስ «ግዕዝ»፣ «ውርድ» እና «ቁም» በሚባሉ ሦስት የንባብ ደረጃዎች በየተራ የሚመላለስበት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም አንዱን ወረቀት ሦስት ጊዜ እንመላለስበት፤ ጊዜ የለም የሚባለው ብዙውን ጊዜ እውነት አይደለም።

ስለ ስሞች አንድ ልመና አለኝ። የሰውም ሆነ የቦታ ስም በሌላ ቋንቋ ከሆነ የቋንቋውን ተናጋሪ ጠይቁ። የኦሮምኛው «ዸ» ድምፅ «ደ»ም አይደለም፣ «ጠ»ም አይደለም። ቀበሌው ድረስ ስልክ ደውላችሁ «የአካባቢያችሁን ስም እንዴት ትጠሩታላችሁ?» ብትሉ ማንም ደስ እያለው ይነግራችኋል። ስሙ በትክክል ሲጠራ የሰማ አድማጭ የቀረውን ዜና ያምናችኋል።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። እሷን ያስቸገራት ድምፄ ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነበር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ለዓይን ይህ ችግር የለውም፣ ዓይን ወደ ኋላ ይመለሳል። ጆሮ መመለሻ የለውም። ለልምምድ የምሰጠው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «በአካባቢው ለሦስት ቀናት የጣለውን ከባድ ዝናብ ተከትሎ በደረሰው የጎርፍ አደጋ ቤት ንብረታቸው የወደመባቸው 240 አባወራዎች ጊዜያዊ መጠለያ እንዲያገኙ መደረጉን የወረዳው አስተዳደር አስታወቀ።» አድማጩ ዝናቡን፣ ጎርፉን፣ ቤቱን፣ ሰዉን ሁሉ ተሸክሞ «አስታወቀ» እስኪመጣ ይጠብቃል። ሲመጣ ደግሞ የሚያውቀው አንድ መሥሪያ ቤት መናገሩን ነው።

እንዲህ ፍቱት፦ «የወረዳው አስተዳደር እንዳለው፣ ሁለት መቶ አርባ አባወራዎች ጊዜያዊ መጠለያ አግኝተዋል። ቤታቸውን የወሰደው ጎርፍ ነው። በአካባቢው ለሦስት ቀናት ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር።» ተናጋሪው ፊት የመጣው በምክንያት ነው፤ ከኋላ ከቀረ አድማጩ ወሬውን የእናንተ ምስክርነት አድርጎ ይሰማዋል። አንድን ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃታችሁ ሳንባችሁን አትውቀሱ፤ ቁረጡት። ቁጥሩንም በፊደል ጻፉት። 2,347,815 የሚል አኃዝ ፊት ለፊት ሲመጣ የማይደናገጥ አንባቢ አላየሁም፤ «ከሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ» ብላችሁ ቀድማችሁ ጻፉት።

የውጭ ዜና ስትተረጉሙ ሰዓቱና ዓመቱ ይጠብቋችኋል። የግሪንዊችን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ቀንሱ፤ 14 ሰዓት ከሆነ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱለት፤ 18 ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ለዓመቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከፈረንጁ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ቀንሱ። የፈረንጁ ዓመት የሚለወጠው በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ አስቡ።

ስለ ማይክሮፎኑ ብዙ አልልም። ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎን ይሁን። ምክንያቱ «ፐ» ነው፤ ነፋሷ ማይክሮፎኑን ትመታዋለች፤ ዜናችን ደግሞ በፖሊስ፣ በፓርላማ፣ በፓርቲና በፕሬዚዳንት የተሞላ ነው። ስቱዲዮ ካላገኛችሁ በስልካችሁ ቅዱ፤ ጋቢ ተከናንባችሁ ብታነቡ የክፍሉ ማስተጋባት ይጠፋል። እኔ ክረምቱን ሙሉ የተለማመድሁት እንደዚያ ነው፤ የቆርቆሮው ዝናብ ሲያባራ እየጠበቅሁ። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አትስሙት። በማግሥቱ ጽሑፉን ሳታዩ ስሙት፤ ያልገባችሁ ቦታ ካለ ለአድማጩም አልገባም።

የንግግር ትምህርቱን ብዙዎች እንደ ቀላል ነጥብ ማግኛ ያዩታል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው እላለሁ። አገራችን በላ ልበልሃ እየተባለ በችሎት ፊት ቆሞ የሚሟገትባት አገር ነበረች፤ ተሟጋቹ ወረቀት አልነበረውም፣ ዓይኑ ከዳኛው ላይ አይነሳም ነበር። እናንተም አምስት ቃላት ብቻ በመዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቁሙ። «ዛሬ የማቀርብላችሁ ርዕስ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ባያችሁት ነገር ጀምሩ። ተረትና ምሳሌ ከአንድ በላይ አትጨምሩ። ከክፍሉ ጥግ አንድ ሰው መርጣችሁ ለእሱ ንገሩት፤ እሱ ከሰማችሁ ሁሉም ሰምቷችኋል። ጥሩ ምሳሌ መስማት ከፈለጋችሁ የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን የእግር ኳስ ዘገባ ፈልጋችሁ አዳምጡ፤ ሜዳውን ለማያይ ሰው ኳሷ የት እንዳለች እንዴት እንደሚነግር አስተውሉ።

በተግባር ፈተናው ቀን ከስቱዲዮው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ወረቀቱን አታጣምሩ፤ ገጽ ስትገልጡ ማይክሮፎኑ ይሰማዋልና እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ አስቀምጡ። ዓረፍተ ነገሩ ገጽ ተሻግሮ እንዳይቆረጥ አድርጋችሁ ጻፉ። ለብ ያለ ውኃ ጠጡ። ቃል ከተሳሳታችሁ አትሳቁ፣ አታጉረምርሙ፤ «ይቅርታ» በሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመነሻው አንብቡት፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ።