ለቲማቲም ረጪዎች፦ ማሳከኩን ሙቀት ነው ብላችሁ አትለፉት

አዳማ ዙሪያ፣ አዋሽ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ መድኃኒት የምትረጩ ልጆች፣ አንዴ ስሙኝ። እጃችሁ ወይም አንገታችሁ ቀልቶ የሚያሳክካችሁ ሁልጊዜ ከሙቀት አይደለም። እንደ ማንኮዜብ ያሉ ፀረ-ፈንገሶች የቆዳ አለርጂ ያመጣሉ፤ ሽፍታው ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ከነካካችሁ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ስለሚወጣ ከሥራው ጋር ማገናኘት ይከብዳል። አንዴ ከጀመረ በትንሽ ንክኪም ይነሳል። የቆዳና የጨርቅ ጓንት ተዉት፣ መድኃኒቱን መጥጦ እጃችሁ ላይ ያቆየዋል፤ የናይትሪል (ፈሳሽ የማያስገባ ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ጓንት ይሻላል። ስትጨርሱ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቡ። ቱታውን ከልጆች ልብስ ጋር እንዳትዘፈዝፉት፣ በናታችሁ! ካሳከካችሁ ዝም ብላችሁ ቅባት አትግዙ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የመድኃኒቱን ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱና ለሐኪሙ አሳዩት።