ፔት ስካን ሲነሱ አያውሩ፤ በማንቁርት ካንሰር ምርመራ የሚሠሩ ስህተቶች

ፔት ስካን ሰውነት ውስጥ ስኳር በብዛት የሚሳብበትን ቦታ በምስል የሚያሳይ ምርመራ ነው። ለዚህ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኤፍዲጂ፣ ጨረር የሚያመነጭ የስኳር ዓይነት ነው። የካንሰር ሴል ስኳር ሲያገኝ አይምርም። ስለዚህ ምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ግን ስኳር የሚወደው እሱ ብቻ አይደለም፤ ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ስህተት ወሬ ነው። መርፌው ከተሰጠ በኋላ 1 ሰዓት ያህል ጋደም ብለው ይጠብቃሉ። ያኔ ሲያወሩ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ይሠራሉ፤ የሠራ ጡንቻ ደግሞ ስኳር ይስባል። ሊመረመር የመጣው ማንቁርት፣ የድምፅ አውታሮች ያሉበት የጉሮሮ ክፍል፣ በወሬ ብቻ ቦግ አለ ማለት ነው። ስልክዎን ያጥፉ። «መርፌው አመመሽ?» ብላ ለምትደውል እህት ቀድመው ይንገሯት። ማስቲካም ይቅር፤ የመንጋጋ ጡንቻን ያበራል። ከበረደዎት ብርድ ልብስ ይጠይቁ፤ ሲበርድ ሙቀት ለመስጠት የሚሠራ የአንገት ስብ አለና።

ምግብስ? ከመርፌው በፊት ለ4 ወይም ለ6 ሰዓታት ያህል መጾም ነው፤ ውሃ ይፈቀዳል። «ሻይ ብቻ ነው የቀመስኩት» አይሠራም፣ ሻዩ ውስጥ ስኳር አለ። የስኳር ሕመም ካለብዎት ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ200 ሚሊግራም ካለፈ ብዙ ጊዜ ቀጠሮው ይተላለፋል።

ትልቁ ስህተት ግን የበራውን ሁሉ ካንሰር ማለት ነው። አንደኛው የድምፅ አውታር ሽባ ሲሆን ሌላው የሁለት ሥራ ይሠራል። ምስሉ ላይ የሚበራው ታዲያ ጤነኛው ነው! ቲቢም ይበራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የአንገት ንፍፊት ቲቢ ብርቅ ስላልሆነ ይህን መርሳት አይገባም። የሚገርመው፣ እኛም በአማርኛ ሁለቱንም በሽታ ነቀርሳ ስንል ኖረናል፤ ማሽኑም እንደኛው ይደባልቃቸዋል። ቁርጡን የሚናገረው ከቦታው ተቆርጦ የሚመረመር የሥጋ ናሙና ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ፔት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ድምፅዎ ሻክሮ 3 ሳምንት ካለፈው፣ ጉሮሮን በካሜራ የሚያይ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ጥቂት ሚሊሜትር የሆነች ዕጢ ፔት ላይ ላትታይ ትችላለች። የፔት ጉልበቱ ካንሰሩ ወደ አንገት ንፍፊት ወይም ወደ ሳንባ መዛመቱን ማሳየት ላይ ነው።

ከጨረር ሕክምና በኋላም መቸኮል አለ። የቆሰለ ሥጋ እያገገመ ሳለ ይበራልና 12 ሳምንት ያህል ይጠበቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 564 የራስና የአንገት ካንሰር ታካሚዎች የተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት ነበር። ከሕክምናው 12 ሳምንት ያህል በኋላ በተነሳ ፔት እየተመሩ የተከታተሏቸው ታካሚዎች፣ አብዛኞቹ ከአንገት ቀዶ ሕክምና ድነው፣ ቀዶ ከተደረገላቸው ያላነሰ ዕድሜ ኖረዋል።