ዌስትሞርላንድ ስቴት ፓርክ ለማደር ሲሄዱ የሚሠሩ ስህተቶች

ከዋሽንግተን ዲሲ ሁለት ሰዓት ገደማ ተነድቶ የሚደረስበት ዌስትሞርላንድ፣ በቨርጂኒያ ከሞንትሮስ ከተማ አቅራቢያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚገኝ ጫካ የሸፈነው ፓርክ ነው። በ1936 ከተከፈቱት የቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ስቴት ፓርኮች አንዱ ሲሆን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን የትውልድ ቦታም ጎረቤቱ ነው። በዲሲ ዙሪያ ለሚኖር ሐበሻ እንዲህ ያለ ቦታ ሥጋ ጠብሶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ሲመሽ ለመመለስ የተለመደ ነው። ማደር ግን ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት የቀኑን ሽርሽር ልማድ እንዳለ ወደ ሌሊቱ ከማሻገር ነው። ሰዓቶቹ በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቦታ ይዞ ሃያ ሰው መጥራት

በቨርጂኒያ ፓርኮች አንድ የድንኳን ቦታ የሚፈቀደው ለስድስት ሰው ወይም አብሮ ለሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። አሥራ አምስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሦስት ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎችን በአንድ ጊዜ ያዙ፤ ሁሉም ለየብቻው ከያዘ አንዱ ከአንዱ ርቆ ይቀራል። ቦታ እስከ 11 ወር አስቀድሞ ማስያዝ ይቻላል፤ የሜሞሪያል ዴይና የሌበር ዴይ ቅዳሜና እሑዶች ቀድመው ያልቃሉ። መግቢያው ከቀኑ 4 ሰዓት፣ መልቀቂያው ከቀኑ 1 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 10 እስከ ጠዋቱ 6 ፀጥታ ይጠበቃል፤ የመኪና ሙዚቃና ከበሮ ከዚያ በፊት ያብቃ።

ማገዶ ከቤት ጭኖ መሄድ

ከጓሮ የተቆረጠ እንጨት ነፃ ነው፤ ነገር ግን በቅርፊቱ ሥር የተደበቁ የነፍሳት እጮችና እንቁላሎች አብረው ይጓዛሉ። በአሜሪካ የአሽ ዛፎችን የጨረሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ ከቦታ ቦታ በፍጥነት ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ በመኪና የተጫነ ማገዶ ነው። ማገዶውን እዚያው አካባቢ ይግዙ፤ ካልሆነም በሙቀት መታከሙ በማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን ይምረጡ። ሌላም አለ፦ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 የቨርጂኒያ ሕግ በጫካ አቅራቢያ ከቀኑ 4 ሰዓት በፊት ክፍት እሳት ማንደድን ይከለክላል። በእነዚህ ወራት የሚሄድ ሰው ለቁርስና ለምሳ ማብሰያው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ፓርኩን ይጠይቅ።

ፍም ወደ ድንኳን ማስገባት

ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንናገረው። ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ የከሰል ምድጃውን «ለሙቀት» ብሎ ወደ ድንኳን ማስገባት ቀላል ይመስላል። ጭሱ ስለቆመ አደጋው ያለፈ ይመስላል። አደጋው ግን ጭሱ አይደለም። አመድ የሸፈነው ቀይ ፍም ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲለቅ ይቆያል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የድንኳኑን መስኮት ወይም ዚፕ በከፊል መክፈት አያድንም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከተሰማችሁ፣ በተለይ ከአንድ ሰው በላይ ላይ ከታየ፣ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ወጥታችሁ 911 ደውሉ።

የቡናውን ሥነ ሥርዓት ማንም አይከልክላችሁ፤ ቦታውን ብቻ ለዩ። ምድጃው፣ ጀበናውና የዕጣን ማጨሻው ቅጠል በሌለበት ጠጠር ወይም በእሳት ቀለበቱ አጠገብ፣ ከድንኳኑ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ ይቀመጥ። የድንኳን ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ናይለን ወይም ፖሊስተር ስለሆነ አንዲት ብልጭታ ትበሳዋለች። ሲያበቃ ፍሙን በዛፍ ሥር አትድፉ፤ የደረቀ ቅጠልና ሥር ውስጥ ገብቶ በማግሥቱ ሊነሳ ይችላል። በብዙ ውኃ አጥፉ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና ውኃ ጨምሩ። የእጅን ጀርባ አቅርባችሁ ሙቀት ካልተሰማችሁ ጠፍቷል።

የተኛ ሰው ሙቀት በብዛት የሚጠፋው ከበታቹ ነው። ከሥር ማንጠፊያ ከሌለ ብርድ ልብስ ቢደራረብም መሬቱ ሙቀትን ይስባል። ሁለት ብርድ ልብስ ከሚያስቡ፣ አንድ ወፍራም ፎም ማንጠፊያ ያስገቡ።

ከገደሉ ሥር መቀመጥና መቆፈር

የሆርስሄድ ገደል ከወንዙ ዳር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በውስጡ ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ባሕር በነበረ ጊዜ የኖሩ የሻርክ ጥርሶች ተቀብረዋል። ልጆች ያንን ሲሰሙ ማንኪያ ይዘው ገደሉን መቆፈር ይፈልጋሉ። ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ገደሉ ልቅ አሸዋና ሸክላ ስለሆነ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላና ውርጩ ሲፈታ ተንዶ ይወርዳል። በጥላው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ መቀመጥም ያው አደጋ አለው። ጥርሱን ለመፈለግ በቢግ ሜዶ መንገድ ወደ ፎሲል ቢች ውረዱ፤ ከገደሉ እግር ርቃችሁ በውኃው ጠርዝ ያለውን ጠጠር በወንፊት አንፉ። ፖቶማክ እዚህ እንደ ባሕር በየቀኑ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ውኃው ዝቅ በሚልበት ሰዓት ብትሄዱ ብዙ ጠጠር ይገለጥላችኋል። ሰዓቱን ከአየር ትንበያ ድረ ገጾች አስቀድማችሁ እዩ።

የወንዙ ዳርቻ የነፍስ አድን ጠባቂ የለውም። የአየር ከረጢትና ተንሳፋፊ ፍራሽ በነፋስ ወደ መሀል ይወስዳል እንጂ አያድንም፤ ለልጅ ልኩን የጠበቀ የሕይወት ጃኬት ነው የሚያስፈልገው። በሐምሌና ነሐሴ ጨዋማነቱ ሲጨምር የሚናደፉ ጄሊፊሾች ወደ ወንዙ ሽቅብ ሊመጡ ይችላሉ።

ሥጋውን እንደ ቤት መያዝ

ለክትፎና ለጥሬ ሥጋ ካምፕ ጥሩ ቦታ አይደለም። የማቀዝቀዣ ሳጥን በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፤ ሥጋ ደግሞ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት አለበት። ከሳጥኑ ግማሹን ያህል በረዶ ይሙሉ። የቀዘቀዘ የውኃ ጠርሙስ ከተፈጨ በረዶ ይልቅ ይቆያል፤ ሲቀልጥም ይጠጣል። ለመጠጥ የተለየ ሳጥን ይያዙ፤ ሁልጊዜ የሚከፈተው እሱ ነውና። ማታ ሁሉም ምግብ፣ የእንጀራው ሰፌድም ጭምር፣ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፤ ራኩን ዚፕ ይከፍታል።

ድንኳኑን በደረቀ ቅርንጫፍ ሥር መትከል

ከመትከል በፊት ቀና ብላችሁ እዩ፤ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ በበጋ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይወድቃል። ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ሸራ ከድንኳኑ ወለል አይውጣ፤ ከወጣ ዝናቡን ሰብስቦ ከሥራችሁ ያስገባዋል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ድንኳን መጠለያ ስላልሆነ መኪና ውስጥ ግቡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ።

መዥገርን መናቅ

በእግር መንገዱ ዳር ያለው ሣር መዥገር ይዟል። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ያስገቡ፤ ልብሱን 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለ የነፍሳት መድኃኒት ቀድመው ረጭተው ያድርቁት፤ ቆዳ ላይ ግን ፐርሜትሪን አይቀባም፣ እዚያ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (DEET) ያለበት ነፍሳት ማባረሪያ ይጠቀሙ። ማታ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላና የጸጉር ሥር ይፈተሽ። የተጣበቀችውን በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቫዝሊን መቀባት ወይም በክብሪት መተኮስ ምራቋን ወደ ቁስሉ ሊያስገፋት ይችላል።

በቨርጂኒያ ሴቷ በጀርባዋ አንድ ነጭ ነጥብ ያለባት መዥገር በብዛት አለች። የዚህች ንክሻ አንዳንድ ሰው ለበሬ፣ ለበግና ለፍየል ሥጋ አለርጂ እንዲኖረው ያደርጋል። አለርጂው ከተበላ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ብዙ ሰው ማታ የበላውን ጥብስ ከሌሊቱ ማሳከክ፣ ቁርጠት ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ጋር አያገናኘውም። የተነከሱበትን ቀን በስልክዎ ይመዝግቡ። ከሦስት እስከ ሠላሳ ቀን ባለው ጊዜ ቆዳዎ ላይ የሚሰፋ ቅላት፣ ትኩሳት፣ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ቢሆን ሥጋ ከበሉ በኋላ እንዲህ ያለ ምልክት ከመጣ፣ ለሐኪሙ ንክሻውንና ቀኑን በግልጽ ይንገሩት፤ ካልነገሩት የሚያዘው ምርመራ ሌላ ሊሆን ይችላል።