ኦሪዮን ኔቡላ ውስጥ የሚገፈፉ ዲስኮችን በፎቶ ለይቶ ለማየት

ፕላኔት የሚወለድበት ዲስክ፣ ማለትም በወጣት ኮከብ ዙሪያ የሚሽከረከር የጋዝና የአቧራ ሳህን፣ በጎረቤቱ ግዙፍ ኮከብ ሲገፈፍ ለማየት የራስ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ትልቁ የኦሪዮን ኔቡላ (ኮከቦች የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ ይበቃል። ማስመሪያም አዘጋጁ። ፎቶውን በሙሉ ጥራቱ አውርዱት፤ ትንሹ ቅጂ ላይ ምንም አይታይም።

መጀመሪያ ትራፔዚየምን ፈልጉ። ተጠጋግተው የሚያበሩ አራት ኮከቦች ናቸው። ከሁሉም የሚደምቀው ቴታ 1 ኦሪዮኒስ ሲ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ 30 እጥፍ ይበልጣል። ሰፈሩን የሚያምሰው እሱ ነው።

ከዚያ ዙሪያውን አጉሉ። የእንባ ጠብታ የሚመስሉ ትንንሽ ነገሮች ታገኛላችሁ፤ ፕሮፕሊድ ይባላሉ። አንድ ጎናቸው ክብና ብሩህ ነው፣ በሌላው ጎን ጭራቸው ይቀጥናል። ማስመሪያውን ከጭራው ጫፍ በብሩሁ ጎን በኩል አሳልፉት። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቴታ 1 ሲ ይሄዳል። ጥፋተኛው ተያዘ ማለት ነው! እኔ ይህን ክፍል ነው የምወደው። አንዳንዱ ግን ከትራፔዚየም በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለው ቴታ 2 ኦሪዮኒስ ኤ ያመለክታል። እሱም ቀላል ኮከብ አይደለም። ቀለሙን ብዙ አትመኑት፣ በማጣሪያ ተነስቶ በኋላ የተሰጠ ነው። ቅርጹን እዩ።

ብሩሁን ጠርዝ ዲስኩ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ዲስኩ ከውስጥ ነው ያለው። የግዙፉ ኮከብ አልትራቫዮሌት ብርሃን የዲስኩን ጋዝ ያሞቀዋል፤ የሞቀው ጋዝ በዲስኩ መሃል ካለው ትንሽ ኮከብ ስበት ያመልጣል። ከ91 ናኖሜትር ያጠረው ኃይለኛ ብርሃን ደግሞ ያመለጠውን ጋዝ ውጭ ላይ ያገኘውና ኤሌክትሮኑን ይነጥቀዋል። የሚያበራው እዚያ ነው። ለግዙፉ ኮከብ የቀረቡት ዲስኮች በዓመት ከፀሐይ ክብደት አንድ አስር ሚሊዮንኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣሉ። ትንሽ ይመስላል እንጂ በ30 ዓመት ገደማ መሬትን የሚያክል ቁስ ነው።

ግን «ፕላኔቶቹ አለቁላቸው» ለማለት አትቸኩሉ። ቀድሞ የሚሄደው ስበት የላላበት የዲስኩ ዳር ነው። ለኮከቡ የቀረበው ክፍል ሊተርፍ ይችላል። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ግዙፍ ኮከቦች በበዙበት ኤንጂሲ 6357 በተባለ ሌላ ኔቡላ ውስጥ፣ ኤክስዩኢ 1 በተባለው ዲስክ የውስጠኛ ክፍል ውሃ አግኝቷል።

አሁን ጭራ የሌላቸውን ፈልጉ። 114-426 ከኔቡላው ብርሃን ፊት እንደ ጥቁር ጥላ የሚታይ ትልቅ ዲስክ ነው። ቁጥሩ የሰማይ አድራሻው ነው፦ ራይት አሴንሽን (የሰማይ ኬንትሮስ) 5 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ11.4 ሰከንድ፣ ዴክሊኔሽን (የሰማይ ኬክሮስ) -5 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። 114 ማለት 11.4 ሰከንድ፣ 426 ማለት 24 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው፤ የጋራው መነሻ ተዘሏል። በዚሁ ዘዴ 203-506ን ፈልጉ። እሱም ጥቁር ነው፣ ብሩህ ጠርዝ የለውም። ይሁን እንጂ ተርፏል ማለት አይደለም። ኃይለኛው ብርሃን ባይደርስበትም ለስለስ ያለው (ከ91 ናኖሜትር የረዘመው) አልትራቫዮሌት ብቻውን ጋዙን እያሸሸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዌብ ውጤት እንደሚለው፣ በዚህ ፍጥነት ጁፒተርን የመሰለ ፕላኔት ለመሥራት ጋዝ አይተርፈውም።